ባልዲው ላይ ባይንደሩ ይጻፍልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ወር በወጣ እትማችሁ፣ የመዲናችን ሕንፃዎች አዲስ ቀለም ከተቀቡ በኋላ ገና ሁለተኛ ክረምት ሳይደርስባቸው ለምን እንደሚገረጡና እንደሚላጡ የሚጠይቅ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጽሑፉ ጥፋቱን ለቀቢዎች ችኮላ፣ ለዝናቡ ብርታትና ለባለ ሕንፃዎች ቸልተኝነት አከፋፍሎታል፤ ሦስቱም ድርሻ እንዳላቸው አልክድም። ይሁን እንጂ ሃያ ሁለት ዓመት በቀለም ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርቼ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው እንደ መሆኔ፣ ጽሑፉ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ቃል እንኳ ያላነሣው ዋና ጉዳይ ስላለ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ጉዳዩ በሙያው ሰዎች አፍ ባይንደር የሚባለው፣ ቀለሙን ቀለም የሚያደርገው አያያዥ ነው።

ቀለም ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን መልኩ ነው፤ ክሬም ነው፣ ግራጫ ነው፣ ነጭ ነው እንላለን። መልኩን የሚሰጠው ግን ዱቄት ነው። ነጩ ዱቄት በአብዛኛው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር መጠኑን የሚያበዙና ዋጋውን የሚያወርዱ እንደ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ታልክና ካኦሊን ያሉ ሙሌቶች ይገባሉ። ዱቄት ደግሞ በራሱ ግድግዳ ላይ አይቆምም። በሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈ በመዳፍ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ያዥ ያጣ ቀለምም በልብስ ይጠረጋል። ይህን የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን አሳምረው ያውቁት ስለ ነበር ቀለማቸውን ያሲዙት ከእንስሳት ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ነበር። ዛሬ ፕላስቲክ ቀለም በምንለው ውስጥ የዚያን ሙጫ ቦታ የያዘው በውሃ ውስጥ የተበተነ ሰው ሠራሽ ሙጫ ነው፤ ኢመልሽን የሚባለውም እርሱ ነው።

ባይንደሩ ወደ ቀለም ፋብሪካ ሲገባ ላየው ሰው ከወተት አይለይም። ወተትም ውሃ ውስጥ የተበተነ ቅባት ነውና ምሳሌው በከንቱ የመጣ አይደለም። በኢመልሽኑ ውስጥ የተበተኑት የሙጫ ቅንጣቶች ስፋታቸው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ናኖሜትር ነው፤ በአንዲት የራስ ፀጉር ስፋት ላይ ጎን ለጎን ቢደረደሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ይገባሉ። የሚሠሩትም እንደ ቪኒል አሲቴት፣ ስታይሪን ወይም ቡታይል አክሪሌት ያሉ ፈሳሽ ኬሚካሎች ከውሃና ከሳሙና መሰል ነገር ጋር ተዋሕደው፣ ማስጀመሪያ ተጨምሮባቸው፣ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሞቅ ጋን ውስጥ ለሰዓታት እየተማሱ ነው። ሲያልቅ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሙጫ፣ ግማሽ ያህሉ ውሃ የሆነ ነጭ ፈሳሽ ይገኛል።

ቀለሙ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚሆነው ነገር፣ ስንት ዓመት ስሠራበት ቆይቼ ዛሬም የሚደንቀኝ ነው። ውሃው ወደ አየርና ወደ ልስኑ ሲሄድ ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፣ ይነካካሉ፣ ይጨናነቃሉ፤ ቦታ ሲጠባቸው ክብነታቸውን ትተው እንደ ማር እንጀራ ክፍሎች ባለ ብዙ ጎን ይሆናሉ። በመጨረሻም በመካከላቸው ያለው ድንበር ጠፍቶ አንድ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢመታው ወደ ፈሳሽነቱ አይመለስም። በውሃ የቀጠነ ቀለም ከደረቀ በኋላ ውሃን የሚቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። ሽፋኑ የሚጠነክረው ግን ቅንጣቶቹ በቂ ሆነው ሲገኙና ለመዋሐድ የሚያበቃ ሙቀት ሲያገኙ ብቻ ነው፤ የሕንፃዎቻችን ችግር በአብዛኛው የሚጀምረውም ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

አንባቢ ይህ ሥራ ከየት እንደ መጣ ቢጠይቅ ታሪኩ አጭር አይደለም፤ እኔ ግን አሳጥሬ ላውጋው። ፍሪትዝ ክላተ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1912 ቪኒል አሲቴትን አግኝቶ ወደ ሙጫነት እንደሚለወጥ አሳይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን የደቡብ ምሥራቅ እስያን የጎማ እርሻዎች ስትይዝ አሜሪካ ሰው ሠራሽ ጎማን በኢመልሽን ዘዴ በብዛት ማምረት ግድ ሆነባት። ጦርነቱ ሲያበቃ ያ ሁሉ ፋብሪካና ዕውቀት ሌላ ሥራ ፈለገ፤ ግሊደን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 ከስታይሪንና ከቡታዳይን ኢመልሽን የተሠራ የቤት ቀለም ለገበያ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ሮም ኤንድ ሃስ የተባለው ኩባንያ ለቀለም የሚሆን አክሪሊክ፣ ማለትም ከአክሪሌት ኬሚካሎች የሚሠራ፣ ኢመልሽን አወጣ። እኛ ዛሬ ፕላስቲክ ቀለም እያልን የምንቀባው የዚያ የጎማ እጥረት የልጅ ልጅ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። አንድ ጣሳ ሽምብራ ቢሞሉ፣ ጣሳው የሞላ ቢመስልም በሽምብራዎቹ መካከል ክፍተት አለ፤ ውሃ ቢጨምሩበት ክፍተቱ እስኪሞላ ድረስ ይቀበላል። በቀለም ሽፋን ውስጥ ሽምብራው ዱቄቱ ነው፤ ውሃው ባይንደሩ ነው። ባይንደሩ ክፍተቱን ሁሉ ከሞላው ሽፋኑ ዝግ፣ የሚታጠብና እርጥበት የማያስገባ ይሆናል። ክፍተቱን ሳይሞላ ከቀረ ግን ሽፋኑ ወንፊት ይሆናል፤ ውሃ ይገባበታል፣ አቧራ ይቀበላል፣ እጅ ሲነካው ዱቄት ያወርዳል። ይህ ለውጥ ቀስ በቀስ የሚመጣ አይደለም። ባይንደሩ እየተቀነሰ ሄዶ አንድ ወሰን ላይ ሲደርስ፣ ከዚያ ወሰን አልፎ የሚቀነስ ጥቂት መጠን የሽፋኑን ጠባይ በድንገት ይገለብጠዋል። ባይንደር ከሙሌቱ ዱቄት ይልቅ እጅግ ውድ በመሆኑ ደግሞ፣ ዋጋ ለማውረድ የሚፈልግ አምራች መጀመሪያ እጁን የሚሰነዝርበት እርሱ ነው።

ይህንን የበለጠ አስቸጋሪ የሚያደርገው፣ ባይንደር ያነሰው ቀለም ባልዲው ውስጥ ሳለ ከጥሩው ይልቅ ሊያምር መቻሉ ነው። በሱቆቻችን ቀለም ሲገዛ ገዢው ክዳኑን ያስከፍትና በእንጨት ያማስለዋል፤ ወፍራም ሆኖ ካገኘው «ይሄ ነው ቀለም» ይላል። ውፍረቱን የሚሰጠው ግን ባይንደር አይደለም። ከሴሉሎስ የሚሠራ ማወፈሪያ አለ፤ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ቀጭኑን ፈሳሽ እንደ ገንፎ ሊያደርገው ይችላል። አንድ ማንኪያ የአብሽ ዱቄት ውሃ ውስጥ ተመትቶ ምን ያህል እንደሚኮፍስ የሚያውቅ የቤት እመቤት ይህን ለማመን አትቸገርም። አብሹ ስለ ኮፈሰ ግን ምግቡ በዛ አይባልም። ባይንደሩ ራሱ፣ ቅንጣቶቹ ተበታትነው ስለሚንሳፈፉ፣ ግማሽ ክብደቱ ሙጫ ሆኖ ሳለ ፈሳሽነቱን ሊጠብቅ ይችላል፤ ስለዚህ በባይንደር የበለጸገ ቀለም ከደኸየው ይልቅ ቀጭን ሆኖ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም።

ከዓመታት በፊት አንድ ትምህርት ቤት ለመማሪያ ክፍሎቹ ቀለም ሲገዛ በግዢ ኮሚቴው ላይ ታዛቢ ሆኜ እንድገኝ ተጠርቼ ነበር። ሦስት ናሙናዎች ቀረቡ፤ የኮሚቴው አባላት በየተራ በእንጨት አማሰሉና አንድ ድምፅ ሆነው ወፍራሙን መረጡ፤ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ስለ ነበር ደስታቸው እጥፍ ሆነ። ተዉ ብዬ ለማስረዳት ሞከርሁ፤ ያዘጋጀሁት ማስረጃ ግን አልነበረኝም፣ ጨረታውም «ጥራት ያለው ፕላስቲክ ቀለም» ከማለት በቀር የሚለካ ነገር አልጠየቀም። በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ ከግድግዳው ሥር ካሉት ወንበሮች ሲነሡ የሰማያዊ ሹራባቸው ትከሻ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። ከግድግዳው ጥቂት ፍቄ ወደ ቤተ ሙከራ ወሰድሁ። በ450 ዲግሪ ሲቃጠል ሙጫው ይጠፋል፣ ካልሲየም ካርቦኔቱ ግን በዚያ ሙቀት ገና አይነካም፤ ስለዚህ ከቃጠሎው በፊትና በኋላ ያለውን ክብደት በማነጻጸር የባይንደሩን መጠን መገመት ይቻላል። ያገኘሁት መጠን እኛ ማንም ለማይነካው ኮርኒስ ብቻ ብለን እናዘጋጀው ከነበረው ርካሽ ቀለም እንኳ ያነሰ ነበር። በዚያ ጊዜ ጥፋቱ የተጫነው በቀቢው ላይ ነው፤ «ውሃ አብዝቶበት ነው» ተባለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ስለ ቀቢዎች አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ውሃ ማብዛት ጥሩ ሥራ አይደለም፤ ሽፋኑን ያሳሳዋል፣ የታችኛውን መልክ ያሳያል፣ ተጨማሪ እጅ ያስቀባል። ነገር ግን ውሃው ተኖ ስለሚሄድ፣ ግድግዳው ላይ በሚቀረው ሽፋን ውስጥ የባይንደሩና የዱቄቱ ምጣኔ ከፋብሪካ እንደ ወጣው ነው። ምጣኔውን የሚያዛባው ቀለሙን ለማብዛት ወይም ለማወፈር ጄሶ ወይም ሌላ ዱቄት ሲጨመርበት ነው፤ ይህን የሚያደርግ ቀቢ ካለ በእርግጥ ጥፋተኛ ነው። ውሃ ያበዛውን ግን ከባልዲው ውስጥ በጎደለው ነገር ልንከስሰው አይገባም።

መጠኑ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ይለያል። ከቪኒል አሲቴት ብቻ የሚሠራው ባይንደር ዋጋው ቀላል፣ ለቤት ውስጥ ደረቅ ግድግዳም የሚያገለግል ነው፤ ነገር ግን ጠላቱ አዲስ ሲሚንቶ ነው። ገና ያልደረቀ የሲሚንቶ ልስን የአልካሊነት መጠኑ በፒኤች (ከ7 በላይ ያለው አልካሊ በሚባልበት መለኪያ) ከ12 በላይ ነው፤ እርጥበት ባለበት ይህ አልካሊ ቪኒል አሲቴቱን እያፈረሰ ወደ ፖሊቪኒል አልኮል ይለውጠዋል፣ ፖሊቪኒል አልኮል ደግሞ በውሃ የሚሟሟ ነገር ነው። እንግዲህ ሕንፃው ለምርቃት እንዲደርስ ተብሎ ልስኑ ከተመታ በሳምንቱ ቢቀባና በክረምቱ ዝናብ ቢታጠብ ማንን እንከስሳለን? ልስኑ 28 ቀን ያህል እንዲቆይ፣ ከዚያም አልካሊ የሚቋቋም ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ የሥር ቅብ) እንዲቀድም የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። አክሪሊክ ባይንደር ይህን ጠላት በጣም የተሻለ ይቋቋመዋል። ስታይሪን የተቀላቀለበት አክሪሊክ ውሃንና አልካሊን በመቋቋም ጥሩ ሆኖ ሳለ ፀሐይ ላይ ብዙ ሲቆይ ወደ ቢጫነት ያዘነብላል፣ ዱቄትም ያወርዳል፤ በባይንደር የጠገበ ንጹሕ አክሪሊክ በውጭ ግድግዳ ላይ ከሁሉ ይበልጣል፣ ዋጋውም እንዲሁ።

የፀሐይ ነገር ለእኛ ከሌላው የበለጠ ጉዳይ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እየበረታ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በባሕር ዳርቻ ከተማ ተፈትኖ ጥሩ የተባለ የውጭ ቀለም እዚህ ሲመጣ የሚጠብቀው ፀሐይ ሌላ ነው ማለት ነው። ሙቀቱ ደግሞ በተቃራኒው ያስቸግራል። እያንዳንዱ ባይንደር ከዚያ በታች ቅንጣቶቹ የማይዋሐዱበት ዝቅተኛ የሙቀት መጠን አለው፤ ጠንካራ ሙጫ ባለው ባይንደር ላይ ቅንጣቶቹን ለጊዜው የሚያለሰልስና በኋላ ተኖ የሚሄድ ረዳት ፈሳሽ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ግድግዳው ገና በሌሊቱ ብርድ ሳለ የተቀባ ቀለም ውሃው ቢሄድለትም ቅንጣቶቹ ሳይዋሐዱ ይቀራሉ፤ ሲታይ የደረቀ ይመስላል፣ ሲታጠብ ግን ይፈርሳል። ረዳት ፈሳሹ ውድ ስለ ሆነ እርሱም ከሚቀነሱት አንዱ ነው። ባይንደሩን ከመጀመሪያው ለስላሳ አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ለድሬዳዋና ለሰመራ ሙቀት ግን ያ ለስላሳ ሽፋን እንደ ተለጣፊ ሆኖ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ የሚስማማ ባይንደር ለሰመራ ላይስማማ ይችላል፤ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ስም አላቸው፦ የውጭ ቀለም።

ባይንደር የቀለም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ጥቂት ልጨምር። አናጺው ኮላ የሚለው ነጩ የእንጨት ሙጫ የቀለሙ ባይንደር የቅርብ ዘመድ ነው፤ በአብዛኛው ፖሊቪኒል አሲቴት ነው። በአውሮፓ ይህ ሙጫ ውሃን በመቋቋም ችሎታው ዲ1፣ ዲ2፣ ዲ3 እና ዲ4 ተብሎ ተመድቦ፣ ምድቡ በጠርሙሱ ላይ ይታተማል፤ ለመታጠቢያ ቤት በር በዲ1 ሙጫ የሚሠራ አናጺ አውቆ ያጠፋል ማለት ነው። እኛ ጋ አናጺው አያውቅም፤ በሩ እርጥበት ጠጥቶ ሲከፈት የሚሰደበው እርሱ ነው።

በጨርቃ ጨርቅም እንዲሁ ነው። በቲሸርት ላይ የምናየው ሥዕል ብዙውን ጊዜ በአክሪሊክ ባይንደር የተያዘ ዱቄት ቀለም ነው። ይህ ባይንደር የሙጫውን የሞለኪውል ሰንሰለቶች እርስ በርስ የሚያቆላልፍ ኬሚካላዊ ክፍል ስለ ተሠራበት፣ ከደረቀ በኋላ በ150 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ደቂቃ መጋገር አለበት፤ ሳይጋገር ከቀረ መቆላለፉ አይፈጸምም። ለዘመቻ ወይም ለሠርግ በችኮላ ታትሞ በፀሐይ ብቻ የደረቀ ቲሸርት በሁለተኛው እጥበት የሚለቀው ባይንደሩ መጥፎ ስለ ሆነ ላይሆን ይችላል፤ ሥራው በግማሽ ስለ ቀረ ነው። በሞጆ አካባቢ ባሉት የቆዳ ፋብሪካዎችም የለፋ ቆዳ የመጨረሻ መልኩን የሚያገኘው በሚረጭበት የአክሪሊክና የፖሊዩሬቴን ኢመልሽን ነው። ጫማው ሲታጠፍ መልኩ የሚሰነጠቀው ወይም የማይሰነጠቀው፣ ጃኬቱ በክረምት የሚደርቀው ወይም የማይደርቀው በዚያ ከሚሊሜትር ክፍልፋይ በማያልፍ ሽፋን ነው፤ ቆዳችን ምንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን ገዢው እጁን የሚያሳርፈው በባይንደሩ ላይ ነው። የምንጣፍ ጀርባ፣ የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት፣ የሴራሚክ ማጣበቂያ፣ ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ከሴራሚክ ማጣበቂያው አንድ ትምህርት እንውሰድ። በዚያ ውስጥ ያለው ኢመልሽን ተረጭቶ በሞቃት አየር የደረቀ ዱቄት ነው፤ ሠራተኛው ውሃ ሲጨምርበት ተመልሶ ኢመልሽን ይሆናል። ፈሳሹን ባይንደር ግን ከውጭ ስናስገባ ከ20 ቶኑ 10 ቶን ያህሉ ውሃ ነው። በውጭ ምንዛሪ ገዝተን፣ በመርከብ ጭነን፣ ከጅቡቲ ወደብ እስከ መሀል አገር በከባድ መኪና የምናመጣው ውሃ ነው። አገር ውስጥ ይመረት የሚለው መልስ ቀላል ይመስላል፤ እኔም እመኘዋለሁ። ይሁንና ቪኒል አሲቴት በ72 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ፣ በቀላሉ እሳት የሚይዝ፣ ወደ ሙጫነት ሲለወጥ ብዙ ሙቀት የሚያወጣ ፈሳሽ ነው፤ ማቀዝቀዣው ለአንድ ሰዓት ቢቋረጥ ጋኑ ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ አስተማማኝ ጄኔሬተርና የሠለጠነ ሰው ሳያዘጋጁ የሚገባበት ሥራ አይደለም። ይህ እስኪሟላ ድረስ ቢያንስ ያስገባነውን ባይንደር በአግባቡ እንጠቀምበት፤ በየሁለት ዓመቱ የሚደገም ርካሽ ቀለም ቲታኒየሙንም፣ ባይንደሩንም፣ የቀቢውን ጉልበትም ሁለት ጊዜ ያስከፍለናል።

እንግዲህ የምጠይቀው ምንድን ነው? መንግሥት በቀለም ጉዳይ መግባት እንደሚችል ያሳየበት ምሳሌ አለን። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ቁጥር 429/2010 በቀለም ውስጥ ያለው የሊድ (እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት) መጠን ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሊድ በዋናነት የሚገኘው በዘይት ቀለሞች፣ በተለይም በቢጫና በቀይ መልኮች ውስጥ ስለ ሆነ ደንቡ ፕላስቲክ ቀለምን እምብዛም አልነካውም፤ ግን በባልዲው ውስጥ መኖር የሌለበትን ነገር በቁጥር ወስኖ ማስከበር እንደሚቻል አሳይቶናል። አሁን ደግሞ በባልዲው ውስጥ መኖር የሚገባው ነገር በቁጥር ይነገረን።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በአውሮፓ ኢኤን 13300 በተባለው ደረጃ የቤት ውስጥ ቀለም ደርቆ 28 ቀን ከቆየ በኋላ በእርጥብ መፈተጊያ 200 ጊዜ ይፈተጋል፤ የጠፋው ውፍረት ከ5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው) በታች ከሆነ አንደኛ ክፍል፣ ከ5 እስከ 20 ከሆነ ሁለተኛ፣ ከ20 እስከ 70 ከሆነ ሦስተኛ ይባላል፤ በ40 ፍትጊያ ብቻ 70 ማይክሮንና ከዚያ በላይ የጠፋበት አምስተኛ ነው። ገዢው ስለ ኬሚስትሪ ምንም ባያውቅ፣ ለልጆች ክፍል አንደኛ ወይም ሁለተኛ፣ ለኮርኒስ አራተኛ ብሎ ይገዛል። አምስተኛ ክፍል ቀለም መሸጥ ወንጀል አይደለም፣ ለኮርኒስ ይበቃል፤ አምስተኛ መሆኑን ሸሽጎ ለትምህርት ቤት ኮሪደር መሸጥ ግን ገዢን ማታለል ነው። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርና አምራቾቹ ተቀምጠው የባይንደሩ ዓይነት፣ የመታጠብ ክፍሉና ሊቀባበት የሚገባው ዝቅተኛ ሙቀት በእያንዳንዱ ባልዲና ጋሎን ላይ በአማርኛና በሌሎች የሥራ ቋንቋዎች እንዲታተም ቢወስኑ፣ የሚያስፈልገው መፈተጊያ መሣሪያ ለአንድ ፋብሪካ ከባድ ወጪ አይደለም። ጥሩ የሚሠሩ አምራቾች ከዚህ የሚያተርፉ እንጂ የሚከስሩ አይመስለኝም፤ እስከ ዛሬ የከሰሩት በወፍራሙ ባልዲ ተበልጠው ነውና።

የመንግሥት ግዢ ደግሞ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገውም። የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ጨረታ የሚያዘጋጅ መሐንዲስ «ጥራት ያለው» የሚለውን ቃል ሰርዞ፣ ቀለሙ በስንት ፍትጊያ ምን ያህል መጥፋት እንደሚፈቀድለትና ለውጭ ግድግዳ ባይንደሩ ምን መሆን እንዳለበት ነገ በሚያወጣው ሰነድ ላይ መጻፍ ይችላል። እኔ በዚያ የግዢ ኮሚቴ ፊት ባዶ እጄን የቆምሁት እንዲህ ያለች አንዲት መስመር ስለ ጠፋች ነው።

እስከዚያው ለአንባቢዎቻችሁ የሚሆን ቀላል ፈተና አለኝ። ለመግዛት ካሰባችሁት ቀለም ጥቂት ናሙና ጠይቁ፤ ሙሉ ባልዲ ለሚገዛ ደንበኛ ብዙዎች አይከለክሉም። በንጹሕ መስታወት ላይ አንድ እጅ፣ በደረቀ ልስን ወይም በተረፈ የሲሚንቶ ንጣፍ ላይ ሁለት እጅ ቀቡትና ከፀሐይ አርቃችሁ አንድ ሳምንት አቆዩት። ከመስታወቱ ላይ በምላጭ ጠርዙን አንሡ፤ እንደ ስስ ላስቲክ እየተላጠ የሚወጣ ከሆነ ባይንደሩ በቂ ነው፣ እንደ ጠመኔ ብናኝ ከሆነ ግን አይደለም። በሲሚንቶው ላይ ደግሞ ጥቁር ጨርቅ በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ፣ ሳትጫኑ፣ መቶ ጊዜ አሹት፤ ጨርቁን ተመልከቱት። ወፍራሙንና ቀጭኑን ጎን ለጎን ሞክሩ። ባለ ሱቁ በሁለቱ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ሲነግራችሁ፣ ጨርቁን አውጥታችሁ አሳዩት።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጣ የቀለም ፋብሪካ ኬሚስት
ስምና አድራሻ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ተገልጿል
አዲስ አበባ